የማኖቬላው ርክክብ

መኪናዋን የገዛሁት በእልህ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ለሥራ ታስፈልገኛለች» እል ነበር፤ እውነቱ ግን እልህ ነው።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የመጣሁ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ቢሯችን የድሮ መጋዘን ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ታፔላ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ማኅተማችን ተቀርጾ ስላልመጣ የምንጽፈው ደብዳቤ ሁሉ እየተመለሰ ይመጣብን ነበር። መኪና ያለን አንድ ነው፤ እሱም የኃላፊዎች። አንድ ቀን ከባምባሲ ስንመለስ «አንቺ ወጣት ነሽ፣ የጭነት መኪና አያጣሽም» ተባልኩና መንገድ ላይ ወረድኩ። በእኔ ቦታ ሦስት ማዳበሪያ ከሰል ተጫነ። ለሰው ብወርድ ባልከፋኝ፤ ለከሰል ወረድኩ። ቀዩ አቧራ ፀጉሬ ላይ እስኪረጋ ቆሜ፣ ከእንግዲህ የማንንም መኪና ደጅ አልጠናም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ዕቁብ በወጣልኝ ወር ሥራውን ጨርሶ የተዘጋ አንድ ፕሮጀክት ንብረቱን በጨረታ ሊሸጥ ነው ተባለ። ሄጄ አየሁ። ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር አንዲት የድሮ ላንድሮቨር ቆማለች። አረንጓዴ ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ጥላበታለች። ዕድሜዋን ብጠይቅ ከእኔ በሦስት ዓመት እንደምትበልጥ ነገሩኝ። ሌሎቹ ተጫራቾች የሚያዩት ብረቷን ነበር። እኔ ፊቷን አየሁ፤ ሁለቱ ክብ መብራቶቿ እኔን የሚጠብቁ መሰለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ያን ቀን በሩጫ ታጠቅኩ።

መንጃ ፈቃድ ነበረኝ። ከፈተናው ቀን ወዲህ ግን መሪ ጨብጬ አላውቅም። ከጨረታው ግቢ እስከ ተከራየሁት ቤት በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ እኔ ሞተሩን እያጠፋሁ፣ እየተገፋሁ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀሁበት። ከተማው ሠርግ የሚያልፍ ይመስል ወጥቶ አየኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምን እንደተባለ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው፦ «ያቺ ጎጃሜ ላንድሮቨር አግብታ ገባች» ተብዬ ነበር። ስሰማው ሥቄያለሁ። ያኔ ብሰማው ግን ቤት ዘግቼ አለቅስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት ስታገል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እያስቀደሙ በቀርከሃው አጥር በር ገቡ። ነጭ ጀለቢያ ላይ ያረጀ የካኪ ኮት ደርበዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል።

«ሰላም አለይኩም። ይኼን መኪና የሚያስለቅስ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ትናንት ነው የገዛኋት።»

«ሰምቻለሁ ትናንት። ሰባት ጊዜ ጠፋ።»

እኔ ራሴ አልቆጠርኩትም ነበር። እየዳበሱ መጥተው በሞተሩ ክዳን ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። አሥራ ስምንት ዓመት እሳቸው ነበሩ የነዷት፤ የተዘጋው ፕሮጀክት ሾፌር ነበሩ። ቤታቸው ከእኔ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ነው። የበርታ ሰው ናቸው፤ አማርኛ የተማሩት በሥራ ላይ ስለሆነ መኪናዋን «እሱ» ይሏታል። እኔን ደግሞ «ኡስታዛ» አሉኝ፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። አስተማሪ አይደለሁም ብዬ ላርማቸው ፈልጌ ነበር፤ ደስ ስላለኝ ተውኩት።

ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በላብ ቢጫ የሆነ ወረቀት አወጡ። የንብረት መረከቢያ ቅጽ ነበር። መኪናዋን ሥራ የጀመሩ ጊዜ የተረከቡበት ነው።

«ፕሮጀክት ሲዘጋ ሰው መጣ። ቁልፍ ተቀበለ፣ ሄደ። ርክክብ የለም። ይኼ ንብረት ዛሬም በእኔ ስም ነው ያለው። አንቺ ተረከቢኝ።»

«እኔ እኮ በጨረታ ነው የገዛኋት ጋሼ። ደረሰኝ አለኝ።»

«ደረሰኝ የመግዛት ነው። ርክክብ ሌላ ነው።»

ልሥቅ ብዬ ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሥራ ቢለቅ፣ ጡረታም ቢወጣ፣ ያላስረከበው ዕቃ ስሙን ይዞ ይቀራል። ድሮ የማውቃቸው አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ለአንዲት መዶሻ ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል። እኚህ ሰው ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ጠያቂው መሥሪያ ቤት ራሱ ፈርሶ፣ ወረቀቱን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ወንበር አመጣሁላቸውና ማንበብ ጀመርኩ።

«ክሪክ፣ አንድ።»

«ሾፌር ወንበር ሥር። እጅሽን አስገቢ፣ ወደ ግራ።» እጄን ሰድጄ አገኘሁት።

«ትርፍ ጎማ፣ አንድ።»

«አለ። ሁለት ቦታ ተለጥፏል፣ አትመኚው።»

«የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ።»

«በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከኋላ ሳጥን ውስጥ።» እሱም ባሉት ቦታ ተገኘ።

ወረቀቱ ላይ የሌለውንም አስረከቡኝ። የቀኙ በር ከፍ ካላደረጉት እንደማይዘጋ፣ ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ እንደምታጉረመርምና ያ ሕመም ሳይሆን ጠባይ መሆኑን፣ ውኃ ሲጎድልባት እንደ ሻሂ ማንቆርቆሪያ እንደምታፏጭ። እንዲህ እያልን የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስን።

«ማኖቬላ፣ አንድ።»

ዱላቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። ማኖቬላ ባትሪ ሲደክም በመኪናዋ ግንባር አስገብተው ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የሚያስነሱበት ቆልማማ ብረት ነው። የዛሬ መኪኖች የላቸውም። የዚያን ጊዜ ያለ እሱ ገጠር የሚወጣ ሾፌር ግን አልነበረም።

«እሱ መንጌ ወረዳ ነው ያለው፣ ወንድሜ ቤት» አሉ። «እሱ ሳይመጣ አትፈርሚ።»

ወረቀቱን መልሰው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ መንዳት ያስተምሩኝ ጀመር። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ከጎኔ ይቀመጣሉ። በአንድ ጉዳይ ላይ ዕረፍት አልሰጡኝም፦ ቁልቁለት። «ዳገት የወጣበት ማርሽ ቁልቁለት ያወርዳል። ፍሬን ለማቆም ነው፣ ለመውረድ አይደለም» ይሉ ነበር። ሜዳው ላይ እያለን እንኳ ያስደግሙኛል። እኔ ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ። አንድ ቀን ማርሹን አስጩኼው «ተሳሳትሽ» ሲሉኝ ብው አልኩና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አያዩ፣ ምኑን አይተው ነው የሚያርሙኝ?» አልኳቸው። ከአፌ እንደወጣ ምላሴን መንከስ አማረኝ።

አልተቆጡም። «አንቺ ታያለሽ፣ አትሰሚም። እኔ እሰማለሁ፣ አላይም። አሁን ሁለታችን አንድ ሾፌር ነን» አሉ።

የማኖቬላውን ነገር የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከኃላፊዎች ጋር መንጌ ሄደው ወንድማቸው ቤት አደሩ። ታናሽ ወንድማቸው ናቸው፤ እርሻ ያርሳሉ፣ በበጋ ወርቅ ያጥባሉ። ጠዋት ሲነሱ ባትሪው ደክሟል፣ ማኖቬላው የለም። ኃላፊዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ መንደሩ ተሰብስቧል። እሳቸው በድንጋጤና በሐፍረት፣ «ወንድሜ ሌባ ነው፣ እሱ ሰርቆ ሸጦት ነው» ብለው ጮኹ። ወንድምየው ለካ በማለዳ ወርቅ ከሚቆፍሩበት ጉድጓድ አንድ አስቸጋሪ ድንጋይ ለመፈንቀል ወስደውት ነበር። ብረቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው እየተመለሱ ሳለ ቃሉን ሰሙ። «ሌባ ካልከኝ የሌባ ገንዘብ ይሁን። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብለህ ራስህ መጥተህ እስክትወስደው ድረስ ከቤቴ አይወጣም» አሉ። መኪናዋ በሰው ተገፍታ ተነሳች። ሾፌሩ ወደዚያ ቤት አልተመለሱም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዓመታት አለፉ፤ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ የአንዱ ዓይን ጠፋ።

«አሁን ወንድሜ ታሟል አሉኝ» አሉ። «ሳንገናኝ እንዳይሞት። አፉ እንዲለኝ እፈልጋለሁ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ታዲያ ለምን በገበያ ቀን በጭነት መኪናው አይሄዱም?»

«በዚህ መኪና አጠገብ ቆሜ ሰደብኩት። በዚህ መኪና ሄጄ አፉ በለኝ እላለሁ።»

«ቅዳሜ እንሄዳለን» አልኳቸው። ቃል መስጠት ምን ያስቸግራል። እሳቸው በዚያው ዕለት ወደ መንጌ ለሚሄድ ነጋዴ፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ በልልኝ» ብለው ላኩ።

ዓርብ ከሰዓት መንገዱን ልሞክረው ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ይህ ነበር ጥፋቴ። ሽማግሌውን ይዤ ብሄድ ምን ነበረበት? ግን ቅዳሜ ፊታቸው እንዳልዋረድ ፈለግኩ። ከከተማው ወጥቼ ቀርከሃውን እያለፍኩ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። መንገዱ ግን አንድ ቦታ ላይ ድንገት ወደ ቆላው ይዘቀዘቃል። የተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። እግሬን ፍሬኑ ላይ ተከልኩ፤ ከተከልኩበትም አላነሳሁም። መጀመሪያ የሚቃጠል ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ፍሬኑ ከእግሬ ሥር እየላላ ሄደ፤ በመጨረሻ ወለሉን ነካ። መሪውን ወደ ዳገቱ ጠምዝዤ ቦይ ውስጥ ገባሁና ኩይሳ ገጭቼ ቆምኩ። ቆሌዬ ተገፈፈ።

በትከሻቸው እንጨት ላይ ግራና ቀኝ ጭነት ያንጠለጠሉ ሴቶች እያለፉ ነበር። ሸክማቸውን አውርደው ገፍተው አወጡኝ። አንዷ እጄን ይዛ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ። እያዘገምኩ በአንደኛ ማርሽ ቤቴ ገባሁ። ፍሬኑ ቀዝቅዞ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። መኪናዋ ከአንድ ጭረት በቀር ምንም አልሆነችም። የተሰበርኩት እኔ ነኝ።

ፈራሁ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን ከተማው ሁሉ «ሴት ናት፣ የት ልታደርሰው» እያለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንን በራሴ አፍ ማጽደቅ ሞት መሰለኝ። ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌው ለብሰው፣ ስኳርና ሻሂ ቅጠል በፌስታል ይዘው ሲመጡ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ታማለች። ፍሬኗ ተበላሽቷል፤ ዕቃ ከአዲስ አበባ ታዟል» አልኳቸው።

ጭንቅላታቸውን ወደ መኪናዋ አዘንብለው ትንሽ ቆሙ።

«እንግዲህ ይሁን» አሉና ፌስታላቸውን ይዘው ተመለሱ።

ውሸት አንዴ ከጀመሩት ቀለብ ይፈልጋል። መኪናዋ ታማለች ብያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ግን ቢሮ የምሄደው በእሷ ነው። ሞተሩን ግቢ ውስጥ ካስነሳሁ ሦስት አጥር አልፎ ይሰማሉ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ቤቴ ከፍታ ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑን ፈትቼ፣ ሞተር ሳላስነሳ ዝም ብዬ ወደ ታች አንሸራትታታለሁ። እታች የትልቁ ማንጎ መታጠፊያ ጋ ስደርስ አስነሳለሁ። ማታ ስመለስ ደግሞ እዚያው ጎረቤት ግቢ አቁሜያት በእግሬ እወጣለሁ፤ እሳቸው ለመግሪብ ጸሎት መስጊድ ሲሄዱ ወርጄ አመጣታለሁ። የሠላሳ ዓመት ሴት፣ የመንግሥት ሱፐርቫይዘር፣ ከአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተደብቄ የገዛ መኪናዬን እሰርቅ ነበር። አይ እኔ።

በሳምንቱ ቅዳሜ መጥተው «ዕቃ መጣ?» አሉኝ። «አልመጣም» አልኩ። በሦስተኛው አልጠየቁኝም፤ በአጥሩ ሲያልፉ ብቻ ዱላቸው ቆም ሲል ሰማሁ። እኔም ለራሴ ክረምቱ ይለፍ፣ መንገዱ ይድረቅ፣ እጄ ይፈታ እያልኩ ምክንያት እደረድር ነበር። አንድም ቀን መካኒክ ጋ አልሄድኩም፤ ያልታመመ ምን ይታከማል?

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ፣ ሽማግሌው በሬ ላይ ቆመዋል። ነጭ ለብሰዋል። ፌስታል አልያዙም።

«ወንድሜ ሞተ» አሉ። «ትናንት ቀበሩት። መልእክት አሁን መጣ።»

ዕቃው መጣ ወይ አላሉኝም። መኪናዋ ዳነች ወይ አላሉኝም። የመኪናዋን በር ከፍተው ገቡ፤ ከፍ አድርገው ዘጉና ቦታቸው ተቀመጡ። እኔም መሪው ጋ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። በሕይወቴ እንደዚያ ድምፅ ያሳፈረኝ የለም።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ እግሬ እንደገና ወደ ፍሬኑ ሄደ። የመኪናዋ አካሄድ ሲለወጥ ሰሙ። «ሁለተኛ ማርሽ» አሉ። አስገባሁ። «እግርሽን አንሺ ከፍሬን። እሱ ራሱ ይይዛል።» አነሳሁ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ መኪናዋም እንደ ሽማግሌ በቅሎ እያስተዋለች ወረደች። «ግራ ድንጋይ አለ፣ ትልቅ። አለ?» «አለ ጋሼ።» «ወደ ቀኝ። አሁን ውኃ ይመጣል። አትቁሚ ውኃ ውስጥ።» መንገዱን ከእኔ በተሻለ ያዩት ነበር። ወንዙን ተሻገርን፤ ሙቀቱ ጨመረ፤ ረፋድ ላይ መንጌ ገባን። ይኸው ነበር። አምስት ሳምንት የሸሸሁት መንገድ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ለቅሶው ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ነው። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው በሰው ትከሻ ተደግፈው ገብተው ተቀመጡ፤ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሃ ተቀራ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆንኩ። የሚነገረው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አይገባኝም፤ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ ሻሂ በስኒ ሰጡኝ፣ ይዤ ተቀመጥኩ። ኋላ የሟች ባለቤት ከቤት ወጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። ሽማግሌው ፊት ተንበርክከው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ብዙ ተናገሩ፤ ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት። ሽማግሌው ጨርቁን ፈቱ። ማኖቬላው ዝገት የሚባል አልነካውም። በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት፤ ከዚያ ግንባራቸውን ብረቱ ላይ ደፉ።

ስንመለስ ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ጠየቅኋቸው።

«ባለቤታቸው ምን አሉዎት ጋሼ?»

«በየክረምቱ ዘይት ይቀባው ነበር አለች። ወንድሜ ይመጣል፣ ዝጎ አልሰጠውም ብሎ። እመጣለሁ ያልኩት ቅዳሜ ፍየል አረደ። ታሞ ሳለ ተነስቶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። መኪና ሲሰማ ይነሳል። በሁለተኛው ቅዳሜም ተቀመጠ። ከዚያ መነሳት አቃተው።»

መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩ። መሪውን ለቅቄ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «መኪናዋ አልታመመችም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ፈርቼ ነው። ዓርብ ቁልቁለቱ ላይ ልሞት ነበር። ፈራሁ ማለት አፈርኩ።»

«አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ጎማ ሲሄድ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ቀን ሌባ ነው መሰለኝ። ልጮኽ ነበር። ከዚያ ሲያስልሽ ሰማሁ፣ አወቅሁሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩኝም?»

«አንድ ጊዜ ሰው ፊት ሌባ ብያለሁ። ይበቃኛል» አሉ። «ደግሞ እኔም አፍሬያለሁ፣ ብዙ ዓመት። በጭነት መኪና ብሄድ እደርስ ነበር። በዚህ መኪና ካልሆነ አልሄድም አልኩ። አንቺ አምስት ሳምንት ነሽ። ንጂ አሁን።»

ነዳሁ። ቤት እስክንገባ እንባዬ አላቋረጠም፤ መንገዱን በእንባ ውስጥ ነው ያየሁት፣ እሳቸውም እያንዳንዱን ማርሽ በጊዜው አስታወሱኝ።

በማግስቱ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ወንበሩን በመጀመሪያው ቀን ቦታ አኖርኩላቸው። እንደገና ከላይ እንድጀምር አዘዙኝ፤ ርክክብ ከመካከል አይጀመርም። ክሪክ፣ አንድ። ትርፍ ጎማ፣ አንድ። የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ። እያነሳሁ እያሳየሁ፣ ማለት እጃቸው ላይ እያደረግኩ፣ ምልክት አደረግኩ። በመጨረሻ «ማኖቬላ፣ አንድ» አልኩ። ከጨርቁ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከባድ ነው፤ እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር።

ከዕቃው ዝርዝር ጎን «ምርመራ» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። ዕቃው ያለበትን ሁኔታ የሚጽፉባት ናት።

«እዚህ ላይ ምን ልጻፍ ጋሼ?»

«ዘግይቶ ተመለሰ ብለሽ ጻፊ። በማን ምክንያት እንደዘገየ አትጻፊ።»

«ዘግይቶ ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ላነሳ ብዬ አላስቻለኝም፤ ከሥሩ «በእኔ ምክንያት» ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ፈረምኩ። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሬላቸው ከፊርማዬ ጎን አተሙ።

ወረቀቱን አጥፌ ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። «ያንቺ ነው አሁን» አሉና ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። የአጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ካልኩሽ በላይ ጻፍሽ» አሉ። «እስክሪብቶ ረጅም ሄደ።»

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወጡ።